የመድኃኒት ቤት ወጪና የሆስፒታል ወጪ አንድ ሒሳብ ነው

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አረጋውያንና ቤተሰቦቻቸው የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ገንዘብ ነው። በታመመ ሰው ፊት ስለ ወጪ ማውራት በእኛ ዘንድ ደስ አይልም፤ «ጤናው ይምጣ እንጂ ገንዘብ ምን አላት» ማለት ይቀናናል። ፋርማሲስት በመሆኔ የማየው ግን ሌላ ነው። ሰው መስኮቱ ጋ ቀርቦ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ነው?» ብሎ ነው። ዋጋውን ሰምቶ ከታዘዙለት አራት መድኃኒቶች ሁለቱን ብቻ ይዞ የሚሄድ አለ። የአንድ ወሩ ለሁለት ወር እንዲደርስለት ቀን እየዘለለ የሚውጥ አለ። ክኒኑን በቢላ ለሁለት የሚገምስ አለ። ልጆቹን ላለማስቸገር መድኃኒቱ አልቆበት ሳለ «ገና አለኝ» የሚል አባት አለ። ሁሉም ይህን የሚያደርጉት ቤተሰባቸውን ከወጪ ለማዳን ነው። እኔም የመጣሁት በዚህ መንገድ ከወጪ መዳን እንደማይቻል፣ እንዲያውም ወደ ባሰው ወጪ እንደሚያስገባ ላስረዳችሁ ነው።

ነገሬን በአጭሩ ላስቀምጠው። የመድኃኒት ቤት ወጪና የሆስፒታል ወጪ አንድ ሒሳብ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው የሚያስፈልገውን መድኃኒት ሲያቋርጥ የሆስፒታሉ ወጪ ይጨምራል፤ የማያስፈልገውን ሲደራርብም እንዲሁ ይጨምራል። ስለዚህ «ይህ መድኃኒት ስንት ነው?» ብለን ስንጠይቅ «ብተወውስ ምን ያስከፍለኛል?» የሚለውንም አብረን መጠየቅ አለብን።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በዚሁ አህጉር መንግሥታትና የመድን ተቋማት ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ሞክረውታል፤ ውጤቱም ተመዝግቦ ይገኛል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሦስት መድኃኒት ብቻ

በ1981 የኒው ሃምፕሸር ክፍለ ግዛት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች በሚሰጠው የጤና መድን፣ ማለትም በሜዲኬይድ፣ የመድኃኒት ወጪ በዛብኝ ብሎ አንድ ደንብ አወጣ። ለአንድ ሰው በወር ከሦስት የሐኪም ማዘዣ በላይ አልከፍልም አለ። ደም ግፊት፣ ስኳርና የልብ ድካም ያለበት አረጋዊ አምስትና ስድስት መድኃኒት ቢታዘዝለት የሚያስገርም አይደለም። አራተኛውን ከኪሱ መግዛት የማይችል ሰው ያለው ምርጫ አንድ ነው፤ መተው። ደንቡ 11 ወር ቆየ።

ስቲቨን ሱመራይ የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዚያ ወቅት ብዙ መድኃኒት ይወስዱ የነበሩትን 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ የኒው ሃምፕሸር ሰዎች፣ እንዲህ ያለ ደንብ ካልነበረው ከኒው ጀርሲ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ጥናታቸው በ1991 ታተመ። የመድኃኒት አጠቃቀሙ በ35 በመቶ ወርዶ ነበር። ወደ ነርሲንግ ሆም የመግባት ዕድል ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ፤ ሦስትና ከዚያ በላይ መድኃኒት አዘውትረው ይወስዱ በነበሩት ላይ ደግሞ ከእጥፍ አለፈ። ልብ በሉ፤ የድሃውን የነርሲንግ ሆም ወጪ የሚከፍለው ያው ሜዲኬይድ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

በዚህ ጥናት ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ ልቤን የነካኝ ሌላ ነገር አለ። ደንቡ ሲነሳ ሰዎቹ መድኃኒታቸውን መልሰው መውሰድ ጀመሩ፤ ወደ ነርሲንግ ሆም የሚገባው ሰው ቁጥርም ወደ ቀድሞው ተመለሰ። በእነዚያ 11 ወራት የገቡት ግን አብዛኞቹ ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። ገንዘብ ቢባክን ሊተካ ይችላል፤ በገዛ ቤት የመኖር አቅም አንዴ ከሄደ ግን በአብዛኛው አይመለስም።

ከኒው ሃምፕሸሩ ደንብ 15 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ የካናዳዋ የኩቤክ ግዛት ተመሳሳይ መንገድ ሞከረች። አረጋውያን ከመድኃኒታቸው ዋጋ ድርሻ እንዲከፍሉ አደረገች። ሮቢን ታምብሊን የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ በ2001 ባሳተሙት ጥናት አረጋውያኑ እንደ ደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ያሉትን አስፈላጊ መድኃኒቶች መውሰዳቸው በ9 በመቶ ያህል፣ ያን ያህል አስፈላጊ ያልሆኑትን መውሰዳቸው ደግሞ በ15 በመቶ ያህል እንደቀነሰ አሳዩ። ፖሊሲ አውጪዎቹ የፈለጉት ሕዝቡ የማያስፈልገውን ብቻ እንዲተው ነበር። ኪሱ የተነካ ሰው ግን ሁለቱንም ይተዋል። አስፈላጊ መድኃኒት ከመቀነስ ጋር የተያያዙ ከባድ ጉዳቶች፣ ሆስፒታል መግባትን፣ ነርሲንግ ሆም መግባትንና ሞትን ጨምሮ፣ ከእጥፍ በላይ ሆኑ።

ሦስተኛው ምስክር ከካሊፎርኒያ ነው። 65 ዓመት የሞላቸው የአንድ ትልቅ የጤና ድርጅት አባላት ነበሩ። ለከፊሎቹ የመድኃኒት ሽፋናቸው በዓመት 1,000 ዶላር ላይ ይቆማል፤ ለሌሎቹ ጣሪያ የለውም። በ2006 የታተመው ጥናት ጣሪያ የተደረገባቸው ሰዎች የመድኃኒት ወጪ በ31 በመቶ ያነሰ እንደነበር አሳየ። አጠቃላይ የሕክምና ወጪያቸውስ? የቀነሰው በ1 በመቶ ብቻ ነው። የቀረው ቁጠባ በሌላ በር ወጥቶ ሄደ፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄዱት በ9 በመቶ በለጡ፣ ሳይታሰብ ሆስፒታል የሚተኙት በ13 በመቶ በለጡ፣ የሚሞቱትም በ22 በመቶ በለጡ።

እንዲህ ያሉ ማስረጃዎች ሲከማቹ የአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ቢሮም ስሌቱን ቀየረ። በ2012 ባወጣው ሰነድ በአረጋውያኑ የጤና መድን፣ ማለትም በሜዲኬር፣ ውስጥ የሚሞላው የሐኪም ማዘዣ ቁጥር በ1 በመቶ ሲጨምር ለሌላው ሕክምና የሚወጣው የሜዲኬር ገንዘብ በ0.2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል ብሎ አስቀመጠ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ሜዲኬር የሚያወጣው ግን በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ስለሆነ ከዚያ ላይ 0.2 በመቶ ትልቅ ገንዘብ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። መድኃኒት ሁሉ ገንዘብ ይቆጥባል አላልኩም። ከሚያድነው ወጪ በላይ የሚያስወጣ መድኃኒት ሞልቷል፤ ዕድሜና እፎይታ ስለሚሰጥ ብቻ የምንገዛው አለ፤ እሱም ተገቢ ነው። ቁጠባው ጎልቶ የሚታየው በጥቂት በሽታዎች ነው፤ በልብ ድካም፣ በደም ግፊትና በስኳር።

የማይሰማ ሕመም

ለምን በእነዚህ? አንዱ ምክንያት ግፊትና ስኳር አብዛኛውን ጊዜ ሕመማቸው የማይሰማ መሆኑ ነው። ራስ ምታት ያለበት ሰው መድኃኒቱን አይረሳም፤ ራሱ ያስታውሰዋል። ደም ግፊት ግን ዝም ብሎ ይሠራል። ከፍ ያለው ግፊት የደም ሥሮችን ግድግዳ በየቀኑ ይጎዳል፤ በአንጎል ውስጥ፣ በኩላሊት ውስጥ፣ በልብ ዙሪያ። ክኒኑን የሚውጠው ሰው ምንም ለውጥ አይሰማውም፤ ሲተወውም ምንም አይሰማውም። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብሎ ያቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2003 እንዳስታወቀው በበለጸጉ አገሮች እንኳ የረጅም ጊዜ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መድኃኒታቸውን እንደታዘዘው የሚወስዱት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው።

ሌላው ሰበብ ዕድሜ ነው። «ከእንግዲህ ለእኔ ምን ያደርግልኛል፤ ለልጆች ይሁን» የሚሉ አባቶችን ሰምቻለሁ። ለእነርሱ በ2008 የታተመውን ሃይቬት የተባለ ጥናት ልጥቀስ። የተሳተፉት ከ3,800 በላይ ሰዎች ሁሉም 80 ዓመት የሞላቸው፣ ግፊታቸው ከፍ ያለ ነበሩ። ኢንዳፓማይድ የተባለ የቆየ የሚያሸና የግፊት መድኃኒት፣ ሲያስፈልግም ሌላ ተጨምሮ የተሰጣቸው ሰዎች፣ የማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ይልቅ በማናቸውም ምክንያት መሞታቸው በ21 በመቶ፣ በልብ ድካም መያዛቸው ደግሞ በ64 በመቶ ቀነሰ። ጥቅሙ የታየው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ አሥርና ሃያ ዓመት መጠበቅ አላስፈለገም። ሰማንያ ዓመት መድኃኒት የማይሠራበት ዕድሜ አይደለም።

«ርካሽ መድኃኒት ደካማ ነው» የሚለውም እምነት ብዙ ገንዘብ ያስወጣል። ኦልሃት የተባለ ከ33,000 በላይ ሰዎችን የያዘ ጥናት በ2002 ሲጠናቀቅ፣ ክሎርታሊዶን የተባለው ርካሽና አሮጌ የሚያሸና መድኃኒት ውድ ከሆኑት አዳዲሶቹ ሳያንስ ልብንና አንጎልን እንደሚጠብቅ፣ የልብ ድካምን በመከላከልም እንደሚበልጥ አሳይቷል። ከተሳታፊዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ጥቁሮች ነበሩ። ዛሬ በአሜሪካ ከሚሞሉት ማዘዣዎች ከአሥሩ ዘጠኙ ጀነሪክ ናቸው። ጀነሪክ ማለት ያው መድኃኒት፣ በዚያው መጠን፣ የፈጠረው ኩባንያ ባለቤትነት ካበቃ በኋላ ሌላ ኩባንያ የሚሠራው ነው። ቀለሙና ቅርጹ ሊለያይ ይችላል፤ ሥራው ያው ነው።

አሁን ግፊት ችላ ሲባል የሚመጣውን የስትሮክን ወጪ አስቡ። አምቡላንስ፣ የአንጎል ምርመራ፣ የሆስፒታል ቀናት፣ ከዚያ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና። ሜዲኬር ያላቸው እንኳ በ2025 ሆስፒታል ለመተኛት መጀመሪያ 1,676 ዶላር ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር። ከሆስፒታል በኋላ ነርሲንግ ሆም ቢገቡ፣ ሕጉ የሚጠይቀውን ካሟሉ፣ የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሜዲኬር ሙሉ በሙሉ ይከፍላል፤ ከ21ኛው እስከ 100ኛው ቀን ከታካሚው የየቀኑ ክፍያ ይጠበቃል፣ በ2025 በቀን 209.50 ዶላር ነበር፤ ከ100 ቀን በኋላ ሜዲኬር የለም። ሰውነት ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማብላት ብቻ የሚያስፈልገውን የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ሜዲኬር አይከፍልም። በእኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ይህን የሚሸከመው ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ናት። ሥራዋን ትቀንሳለች ወይም ትተዋለች፤ የራሷ የጡረታ ቁጠባ ይቆማል። ይህ ወጪ በማንም ደረሰኝ ላይ አይጻፍም፤ ግን ወጪ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት አባቶቻችን ትክክል ናቸው።

ፌስታሉን እንክፈተው

እስካሁን የተናገርኩት መድኃኒት ስለመተው ነው። አሁን ወደ ሌላው ወገን ልሻገር፤ መድኃኒት ስለመብዛት።

አረጋውያን መድኃኒታቸውን በሙሉ በፌስታል ይዘው እንዲመጡ እጠይቃለሁ። አንድ ፌስታል ላሳያችሁ። የአንድ ሰው አይደለም፤ ደጋግሜ ያየሁትን አንድ ላይ ሰብስቤ ነው። ውስጡ አምሎዲፒን የሚል የግፊት መድኃኒት አለ፤ እዚህ የታዘዘ። ኖርቫስክ የሚል ሌላ ብልቃጥ አለ፤ ከአዲስ አበባ የመጣ። ሊሲኖፕሪል የሚባል ሁለተኛ የግፊት መድኃኒት አለ። ፉሮሰማይድ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት አለ። ለጉልበት ሕመም ከሱቅ የተገዛ አድቪል አለ። ለጨጓራ ኦሜፕራዞል አለ። ለእንቅልፍ ደግሞ ስሙ ላይ «ፒኤም» የሚል ያለ ማዘዣ የሚሸጥ ክኒን አለ።

የአንዲት እናት ፌስታል ነው ብለን አንድ በአንድ እንከተለው። ኖርቫስክ የአምሎዲፒን የንግድ ስም ነው። እናታችን ሳያውቁ አንዱን መድኃኒት በእጥፍ እየወሰዱ ነው። አምሎዲፒን ሲበዛ እግር ያሳብጣል፤ እግራቸው አበጠ። እብጠቱን ያየው ሐኪም ስለ ሁለተኛው ብልቃጥ አልተነገረውምና የሚያሸና መድኃኒት ጨመረ። የሚያሸናው መድኃኒት ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ያስነሳቸው ጀመር፤ እንቅልፍ አጡ። ጎረቤት የእንቅልፍ ክኒን አመለከተቻቸው። በዚያ ክኒን ውስጥ ያለው ዳይፌንሃይድራሚን በአረጋውያን ላይ ራስን ያደነዝዛል፣ ያስረሳል፣ ሚዛን ያሳጣል። አሁን እናታችን በመድኃኒት ደንዝዘው፣ በመድኃኒት የመጣ ሽንት አስነስቷቸው፣ በጨለማ ወደ መታጠቢያ ቤት እየሄዱ ነው። ቀጣዩ ወድቆ የዳሌ አጥንት መስበር ነው።

በሌላ በኩል አድቪሉ ግፊታቸውን ከፍ ያደርጋል፤ ጨጓራቸውን ያቃጥላል፤ ኦሜፕራዞሉ የመጣው በዚህ ነው። አድቪል፣ ሊሲኖፕሪልና የሚያሸና መድኃኒት አንድ ላይ ሲወሰዱ ደግሞ ኩላሊትን በድንገት ሊጎዱ ይችላሉ። የአንዱ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ ሌላ መድኃኒት የሚያሳዝዝበትን ይህን ሰንሰለት ፓውላ ሮሾንና ጄሪ ጉርዊትዝ የተባሉ የአረጋውያን ሐኪሞች በ1990ዎቹ አጥንተው ስም ሰጥተውታል። ማርክ ቢርስ የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከዚያ ትንሽ ቀደም ብለው፣ በ1991፣ አረጋውያን ሊርቋቸው የሚገቡ መድኃኒቶችን ዝርዝር አወጡ። ዝርዝሩ በስማቸው እየተጠራ እስከ ዛሬ ይታደሳል፤ ያ የእንቅልፍ ክኒንም በዝርዝሩ ውስጥ አለ።

ለመሆኑ አረጋውያንን ወደ ሆስፒታል የሚያስገቡት የትኞቹ መድኃኒቶች ናቸው? በ2011 የታተመ የአሜሪካ የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል ጥናት፣ በመድኃኒት ጉዳት የተነሳ 65 ዓመት የሞላቸው 100,000 ያህል ሰዎች በየዓመቱ በድንገት ሆስፒታል እንደሚገቡ ገምቷል። ግማሽ ያህሉ 80 ዓመት የሞላቸው ነበሩ። ከሦስቱ ሁለቱን ያስገቡት አራት ዓይነት መድኃኒቶች ናቸው፤ ዋርፋሪን የተባለው ደም ማቅጠኛ፣ ኢንሱሊን፣ እንደ ክሎፒዶግሬልና አስፕሪን ያሉ ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ክኒኖች፣ እና የስኳር ክኒኖች። ሁሉም አስፈላጊ መድኃኒቶች ናቸው። የሚጎዱት መጠናቸው፣ ሰዓታቸውና አመጋገቡ ሳይገጣጠም ሲቀር ነው።

ይህ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት ጠዋት ኢንሱሊናቸውን ወይም እንደ ግሊፒዛይድ ያለ የስኳር ክኒን እንደ ወትሮው ከወሰዱ ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ረመዳን የሚጾሙ አባቶችና እናቶችም እንዲሁ። ዋርፋሪን የሚወስዱ አባት በዐቢይ ጾም ጎመን በየቀኑ ሲበሉ፣ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ኃይል ይቀንሰዋል፤ ፋሲካ ሲፈታ ጎመኑ ይቀርና ደማቸው ከልክ በላይ ይቀጥናል። ጾም ከመግባቱ በፊት ለሐኪሙ መንገር ብቻ ይበቃል፤ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክላል ወይም ደሙን ቶሎ ቶሎ ይመረምራል። ሐኪሙ ስለ ጾማችን ካልነገርነው አያውቅም። ጠበል የምትጠጡም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ከኤችአይቪ ጋር ለሚኖሩ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን አስታውሱ።

የተዘጋጀላችሁን ተጠቀሙበት

አሁን ወደ መፍትሔው ልምጣ። በዚህ አገር የአረጋውያን የመድኃኒት ሽፋን፣ ማለትም የሜዲኬር ክፍል ዲ፣ ሕጉ በ2003 ወጥቶ ሥራ የጀመረው በ2006 ነው። ለብዙ ዓመታት መሐሉ ላይ ክፍተት ነበረው፤ ታካሚው ከተወሰነ ወጪ በኋላ ሽፋኑን ያጣ ነበር። በ2022 የወጣው ሕግ ነገሩን ለውጦታል። የተሸፈነ ኢንሱሊን ከ2023 ጀምሮ በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። ለአዋቂዎች የሚመከሩ፣ በክፍል ዲ የሚሸፈኑ ክትባቶች ያለ ክፍያ ናቸው። ከ2025 ጀምሮ አንድ ሰው ለተሸፈኑ መድኃኒቶቹ በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ጣሪያ ተደርጎበታል፤ ጣሪያው በ2025 2,000 ዶላር ነበር፣ በ2026 ደግሞ 2,100 ዶላር ነው። ይህንንም በየወሩ ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል፤ መድን ሰጪያችሁን መጠየቅ ብቻ ነው።

ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች «ኤክስትራ ሄልፕ» የሚባል ድጎማ አለ። ማመልከቻው በሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ በኩል ይሞላል፤ የተፈቀደለት ሰው ለአንድ ጀነሪክ መድኃኒት የሚከፍለው ጥቂት ዶላር ነው። ይህን ድጎማ ማግኘት እየቻሉ ያላመለከቱ ብዙ ወገኖቻችን እንዳሉ በየጊዜው አያለሁ። የመድኃኒት ፕላን መቀየሪያው ጊዜ በየዓመቱ ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ነው። በየክፍለ ግዛቱ ሺፕ የተባለ ነጻ የሜዲኬር ምክር አገልግሎት አለ፤ የመድኃኒቶቻችሁን ዝርዝር ይዛችሁ ስትሄዱ የትኛው ፕላን እንደሚረክስላችሁ አስልተው ይነግሯችኋል። ፕላን በማስታወቂያ አትምረጡ፤ በመድኃኒታችሁ ዝርዝር ምረጡ።

በቅርቡ በልጆቻቸው አማካይነት የመጡና ሜዲኬር ገና ያላገኙ ወላጆች አሉ። ለእነርሱ በገቢ ልክ የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ማዕከላት አሉ። የቆዩት የግፊትና የስኳር ጀነሪኮችም በብዙ ፋርማሲዎች በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። «ኢንሹራንስ የለኝምና መድኃኒት አልችልም» ከማለታችሁ በፊት ፋርማሲስቱን ዋጋ ጠይቁ።

ስለ ቋንቋም አትፈሩ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲም በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከምታገለግልባቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጋለች። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጅ የደም ማቅጠኛ መጠን እንዲያስተረጉም አታድርጉ። «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ።

በሻንጣ የሚሄደው መድኃኒት

አገር ቤት ላሉት ወላጆቻችን ሒሳቡ ያው ነው፤ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የበረታ ነው። እዚያ ሜዲኬር የለም። በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል፤ ለአርሶ አደሩና በግል ሥራ ለሚተዳደረው ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ወላጆቻችሁ አባል ካልሆኑ አባል አድርጓቸው፤ መዋጮውንም በየዓመቱ አሳድሱላቸው። መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያው ሲጠፋ ግን ከግል መድኃኒት ቤት መግዛት ይመጣል፤ ገንዘቡም ከኪስ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከእናንተ ኪስ።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። ለስትሮክ ሕክምና ወይም ለኩላሊት እጥበት ተሯሩጠን ገንዘብ ከምናዋጣ፣ ለግፊት መድኃኒት በየወሩ ሳይዘነጋ እንላክ። አባታችን መድኃኒታቸው ከማለቁ ከሳምንት በፊት እንደውልላቸው። የግፊት መለኪያ ከላክን የቤት ሰው ልኬቱን ይጻፍና ለሐኪማቸው ያሳይ። ደግሞም ከዚህ በሻንጣ የምንልከውን እናጥራ። ብዙዎቻችን ለወላጆቻችን በፍቅር አስፕሪን እንልካለን። የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል ግን በ2022 የልብ ሕመምም ስትሮክም ያልነበረባቸው 60 ዓመት የሞላቸው ሰዎች ለመከላከል ብለው አስፕሪን እንዳይጀምሩ መክሯል፤ የመድማት አደጋው ከጥቅሙ ይመዝናልና። በሐኪም ታዞላቸው የሚወስዱ በራሳቸው አያቁሙ። ያልታዘዘላቸው ግን ከእኛ ሻንጣ አይጀምሩ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ አራት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ያላችሁን መድኃኒት በሙሉ፣ ከሱቅ የገዛችሁትን፣ ከአገር ቤት የመጣውን፣ ቫይታሚኑንና ጥቁር አዝሙዱንም ሳይቀር፣ በአንድ ፌስታል ይዛችሁ ሐኪማችሁ ወይም ፋርማሲስታችሁ ጋ ሂዱ። ብዙ መድኃኒት ለሚወስዱ የሜዲኬር ክፍል ዲ አባላት ይህ ምርመራ በነጻ የሚሰጥበት አሠራር አለ። ሁለተኛ፣ ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት «ለምን ነው የምወስደው? እስከ መቼ? ረከስ ያለ አለ ወይ? ልተወው የምችለው አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛ፣ ዋጋው ከከበዳችሁ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ፤ «ይህን መክፈል አልችልም» በሉ። ይህን መናገር አያሳፍርም፤ ሐኪሙ ሌላ መንገድ የሚፈልገው ችግራችሁን ካወቀ ብቻ ነው። አራተኛ፣ ልጆች፤ «መድኃኒትዎን ወሰዱ?» ብቻ አትበሉ፤ ወላጅ ለልጁ ሁልጊዜ «አዎ» ይላል። «ስንት ቀርቶዎታል?» ብላችሁ ብልቃጡን አብራችሁ እዩ።

ወላጆቻችን እኛን ለማሳደግ ያወጡትን ሳይቆጥሩ ነው ያሳደጉን። አሁን ተራው የእኛ ነው፤ እኛ ግን እንቁጠር። በየወሩ የገባውን መድኃኒት፣ የተዋጠውን፣ የቀረውንና መቀነስ ያለበትን ከወላጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን እንቁጠር። ሆስፒታል ውስጥ ለሚያልቀው ገንዘብ ማኅበራችን መዋጮ ሲጠራ ሁላችንም እንደርሳለን፤ ዛሬ የምለምናችሁ ያንኑ ያህል ትጋት ለወርኃዊው ክኒን እንድናሳይ ነው። ፌስታላችሁን ይዛችሁ ኑ፤ እኔም ሌሎች የሙያ ባልደረቦቼም በደስታ እንቀበላችኋለን።